የሐሙስ ሂሳብ

ካምፓላ፣ ናሙዎንጎ
ጥር 14 ቀን 2013 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? ብርዱ ጉልበትዎ ላይ አልበረታም? እማዬስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙሐመድዘይን እጅ ይነሳል፣ ትንሿ ልጃችን ሂንድም ቤቱን እየሮጠች ታተራምሰዋለች። ይህን ደብዳቤ ጎረቤታችን ሙህሲና ደሴ ስትመጣ ታደርስልኛለች።

ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ተናድጄ ነው። የዩኒቨርሲቲ የሂሳብ ትምህርቴን ሦስተኛ ዓመት ላይ ጥዬ ባሌን ሙሐመድዘይንን ተከትዬ ስመጣ፣ ሂሳብን የጣለች እኔንም ጥላለች ብለው ነበር። ይኸው አራት ዓመት ሙሉ ስልኬን እንኳ አንስተውልኝ አያውቁም። እንዳልጣልኩት ባለፈው ደብዳቤዬ ጽፌልዎታለሁ። ኦዊኖ ገበያ ያለው የጨርቅ ሱቃችን በኮሮና ምክንያት ሲዘጋ፣ ቤት ተቀምጬ ከማብድ ብዬ ቴሌግራም ላይ «የሐሙስ ሂሳብ» የሚል ግሩፕ ከፈትኩ። በየሳምንቱ ሐሙስ አንድ ጥያቄ እለጥፋለሁ። ለፈተና አይደለም፣ ለደስታ ነው። ስሜንም ያለሁበትንም አልጻፍኩም፤ ሴት መሆኔን ካወቁ ነገሩ ሌላ ይሆናል ብዬ።

አይ ደስታ! ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ገብቷል። አንዱ ይሄ ማትሪክ ላይ ይወጣል ወይ ይለኛል፤ አይወጣም ስለው ራሱ ወጥቶ ይሄዳል። ሌላው የቅዳሜን ኳስ ውጤት አስልተህ ንገረኝ ይላል፣ ሊወራረድበት። አንድ ሐሙስ፣ አንድ ጨርቅ በአንድ አቅጣጫ አምስት ጊዜ ለሁለት ለሁለት ቢታጠፍ፣ ሲዘረጋ ስንት የእጥፋት መስመር ይኖረዋል ብዬ ጠየቅሁ። የራሴን ቢጫ የኪቴንጌ ጨርቅ አጥፌ ፎቶ አንስቼ ነው የለጠፍኩት። አሥራ ሰባት ሰው መለሰ። አሥራ ስድስቱ «ጨርቁ ስንት ነው?» ነው ያሉት። ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት። ሙሐመድዘይን ደግሞ እየሳቀ፣ ዋጋውን ንገሪያቸውና እንሽጥላቸው አለኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኩት።

አሥራ ሰባተኛው ሰው ስም የለው፣ ፎቶ የለው። «31» ብሎ ከሥሩ «ማረጋገጫ፦ 32 ክፍል፣ በመካከላቸው 31 መስመር» ብሎ ጻፈ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው ማረጋገጫ ይጽፋል። ትዝ ይልዎታል፣ ስምንተኛ ክፍል ሲያስተምሩኝ መልሴ ልክ ሆኖ ሳለ ማረጋገጫ አልጻፍሽም ብለው ከአሥር አምስት የሰጡኝ? ያኔም ቤት ገብተን እራት አልበላም ብዬ ነበር።

ባለፈው ሳምንት እዚህ በምርጫው ሰሞን ኢንተርኔት አምስት ቀን ተቋረጠ። ሐሙስ በከንቱ አለፈ። ሰኞ ሲለቀቅ ስልኩን የከፈትኩት ግሩፑን ልዘጋው ወስኜ ነው። ከሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው የት ጠፋህ ያለኝ አልነበረም፣ ከዚያ ሰው በቀር። አርብ ዕለት «ጥያቄው አልደረሰኝም» ይላል። ቅዳሜ «ካምፓላ ሰላም ነው?» ይላል። እሑድ ደግሞ «ሕፃኗስ?»

አባቴ፣ ግሩፑ የእኔ መሆኑን ከባሌ ሌላ የነገርኩት ለእርስዎ ብቻ ነው፣ በዚያው ባለፈው ደብዳቤ። እማዬ ደግሞ ደብዳቤዎቼን ሳይከፍቱ ቁምሳጥኑ ላይ እንደሚደረድሯቸው ነግራኛለች። እንግዲህ እኔ ምን ልበል? በመጀመሪያ በጣም ተናደድኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ሂንድም እኔን አይታ አለቀሰች።

ግሩፑን አልዘጋሁትም። የሚመጣውን ሐሙስ ጥያቄ አስቀድሜ ለእርስዎ ልጻፈው። ሂንድ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። የአያቷን ድምፅ ስንት ጊዜ ሰምታለች?

መልሱን በጽሑፍ አልቀበልም።

አላህ ዕድሜና ጤናዎን ያብዛልን። ዓይንዎንም በስልክ ብዙ አያድክሙት።

ልጅዎ