ሰላሳ ሦስት ዙር ለኤሜሪታ

ውድ አንባቢዎቼ፣ አንድ ጉዴን ልንገራችሁና ይቅለለኝ። ዶና ኤሜሪታ ሪያስኮስ ልትናዘዝ ነውና ምስክር ሁኚ ተብዬ ስጠራ፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሼ፣ ለዚህ አምዴ የሙት ታሪኳን ጽፌ ጨርሼ በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነዋ! በሩን የከፈተችልኝ ራሷ ናት፤ በእጇ ወርቃማ የመድረክ ጫማ ይዛለች።

«ማን ሞቶብሽ ነው ሚሬያ?» አለችኝ።

ሻንጣ እያዘጋጀች ነበር፤ ማክሰኞ ለኮንሰርት ወደ ማድሪድ ትበራለች። እኛ የተጠራነው ልጇ ኑቢያ «ሳትናዘዢ አውሮፕላን አትሳፈሪም» ስላለቻት ብቻ ነው። እንግዲህ ቃሏ፣ በፈቃዷ፣ እነሆ፦

«እኔ ኤሜሪታ ሪያስኮስ፣ የካሊ ከተማ ነዋሪ፣ ዛሬ ሐሙስ ጁን 9 ቀን 2022፣ አእምሮዬ የተስተካከለ፣ ጉልበቴ ግን እንደ አየሩ ጠባይ የሚለዋወጥ ሆኜ፣ ማንም ሳያስገድደኝ...»

«እኔ አስገድጃታለሁ!» አለች ኑቢያ ከወጥ ቤት።

«...ከልጄ በቀር ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሰነድ አረጋጋጩ በዶን ኤርሚኖና በሦስት ምስክሮች ፊት ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ።

አንደኛ፤ በሳን ኒኮላስ ሰፈር ያለው ቤቴ ለኑቢያ ይሁን። በረንዳው ላይ የሚለማመዱትን ጥሩምባ ነፊዎቼን እንዳታባርር። የስፌት መኪናዬም የእሷ ናት፤ ሰላሳ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቼ ያሳደግኋት በእርሷ ነውና እንዳትሸጣት።

ሁለተኛ፤ ወደ ስፌት እንዴት እንደገባሁ በጽሑፍ ይቀመጥ። በ1968 ‹አትቸኩል› የተባለውን ዘፈኔን በሸክላ አስቀረጽሁ። እንደ ስሙ ዝግ ያለ ነበር። ነገር ግን እዚህ የተቀመጠው ሦስተኛው ምስክር፣ በባሪዮ ኦብሬሮ ጭፈራ ቤት ሸክላ የሚያጫውተው ሊሳንድሮ አንጉሎ፣ በደቂቃ ሰላሳ ሦስት ጊዜ መዞር የሚገባውን ሸክላ አርባ አምስት ጊዜ አዞረው።»

«የጨፋሪው እግር አይጠብቅማ!» አለ ሊሳንድሮ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «የካሊ ሰው ቀስ ብሎ ጨፍሮ ያውቃል? ስምሽን ያስጠራሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ ውለታ ቢስ!»

«ቁጭ በል፣ ገና እየተናዘዝኩ ነው። ዶን ኤርሚኖ፣ ይጻፉ። ሸክላው ሲፈጥን ድምፄ ቀጥኖ የወፍ ሆነ፤ ከተማውም በዚያ በወፍ ድምፅ ወደደኝ። በዓመቱ መድረክ ላይ ወጥቼ በገዛ ድምፄ ብዘፍን ‹ይቺ አይደለችም! እውነተኛዋን አምጡ!› ብለው በማንጎ ልጣጭ አባረሩኝ። የራሴ አስመሳይ ተባልሁና ስፌት ጀመርሁ።

ሦስተኛ፤ ውለታ ያለብኝ ለጉልበት ነው። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ የአዛውንቶች የእሁድ ጭፈራ ቤት ‹ጉልበታችን አልቻለም፤ ዝግ ብላ የምትዘፍን ፈልጉልን› ቢል ተጠራሁ። የጠሩኝ በፍቅር ሳይሆን በሪህ ነው። እነዚያው ያባረሩኝ ሰዎች፣ እግራቸው ሲያረጅ የእኔ ፍጥነት ላይ ደረሱ። በሦስተኛው እሁድ ሰልፉ መንገድ ዘጋ። በሰባ ዓመቴ የበሬ ፍልሚያውን ሜዳ ሞላሁት። ገና ያልረታሁት አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረኝ።

አራተኛ፤ ከመጀመሪያው ኅትመት የተረፈችውን አንዲቱን ሸክላ ለዚሁ ለሊሳንድሮ ሰጥቻለሁ። ምስክሮቹም ሸክላዋ ላይ ያለው ድምፅና ዛሬ የምዘፍንበት ድምፅ አንድ መሆኑን በፊርማቸው ያረጋግጡ።»

ሊሳንድሮ የራሱን ቅጂ አዙሮ አዙሮ ስለጨረሰው፣ ያቺን ሸክላ ሲመኝ ስንት ዓመቱ! እጁን ሲዘረጋ ዶን ኤርሚኖ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅርታ፤ ወራሽ ምስክር መሆን አይችልም። ወይ ሸክላዋን ይውሰዱ፣ ወይ ይፈርሙ።»

«አውቃለሁ» አለች ኤሜሪታ። «ምረጥ። ብትወስዳት በአርባ አምስት ታዞራታለህ፤ እኔም ከሞትኩ በኋላ ወፍ ሆኜ እቀራለሁ።»

ሊሳንድሮ ላቡን ጠረገ። «እስቲ በሰላሳ ሦስት አሰሙኝ።»

«አንተ! ሰምተሃት አታውቅም እንዴ?»

«የእኔዋ ከማኅደሯ ወጥታ ቀጥታ አርባ አምስት ላይ ነው የገባችው።»

ኑቢያ ከወጥ ቤት ወጥታ የማጫወቻውን መርፌ ሸክላዋ ላይ አወረደች። የወጣት ሴት ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ ወፈር ያለ፣ ዘና ያለ፣ የማንንም እግር የማይለምን። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ሊሳንድሮ እጁን አነሣ።

«ቆይ፣ ቆይ! ያቺ በአርባ አምስት ‹ጪክ› የምትለዋ... ሃምሳ ዓመት ሰውን ያሽከረከርኩባት... ከበሮ አይደለችም?»

«ትንፋሼ ናት፤ ስታጣድፋት ነው ጪክ የምትለው።»

ሊሳንድሮ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ «እስክሪብቶ ስጡኝ» አለ። «ሸክላዋን እኔ ለማጫውትበት ጭፈራ ቤት ከዛሬ ጀምሮ ስጪው። እሁድ እኔው ራሴ በሰላሳ ሦስት አዞራታለሁ።»

ዶና ኤሜሪታ ጫማዋን አጥልቃ ወለሉን አንድ ጊዜ ዞረችው፤ ቀስ ብላ፣ እንደ ንግሥት። አራተኛው አንቀጽ እንደተባለው ታረመና ኑዛዜው ጸደቀ።

ተናዛዥ፦ ኤሜሪታ ሪያስኮስ
ምስክሮች፦ ሚሬያ ኦሬሁዌላ
ቴልማ ባላንታ፣ ጎረቤት
ሊሳንድሮ አንጉሎ፤ ከስሙ ሥር በገዛ እጁ «ድምፁ የእሷው ነው። የቸኮልሁት እኔ ነኝ» ሲል ጽፏል።

እኔ እሁድ ከቀትር በኋላ ከሸክላ ማጫወቻው አጠገብ ወንበር ይዣለሁ። በዚያ ፍጥነት ማን መጀመሪያ ለጭፈራ እንደተነሣ፣ ማን ደግሞ «ፍጠን!» ብሎ እንደጮኸ፣ ዘመዴም ቢሆን ስሙን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።