የሻረግ ከበር ውጭ

እሑድ
እግሬ አብጧል። ትናንት ገበያውን ስዞር ውዬ፣ ዛሬ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ ቤት ለቤት። «የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ረቡዕ ጤና ጣቢያ አለ፣ በነፃ ነው፣ አያምም» እያልኩ ድምፄ ተዘጋ። አንዷ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «የሰፈሩን ወሬ ጨርሰሽ ማህፀናችን ውስጥ ገባሽ?» ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

እንመጣለን ያሉ፦ የጎረቤቴ ምራት፣ ዳቦ ሻጯ፣ ምናልባት ጠላ ሻጯ።

የሻረግ ግን አሁንም አኩርፋኛለች። አብሮ አደጌ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ነበር የምንቆመው። ካለፈው ጾም ወዲህ ወደ ውስጥ መግባት ትታለች። ከበር ውጭ ግንቡን ተደግፋ ታስቀድሳለች። ሳልፍ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች። ምን በደልኳት?

ሰኞ
ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ነርሷ ሲስተር ሐያት የወሎ ልጅ ናት፣ አንደበቷ ማር። «እትዬ፣ ካረጠች በኋላ ደም የሚታያት ሴት ካለች ቶሎ አምጪልኝ» አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ደም የሚፈሳት ሴት እኮ ቤተ ክርስቲያን አትገባም! የሻረግ ደግሞ ካረጠች ቆየች። አላኮረፈችኝም። አሟታል።

ማክሰኞ
ቤቷ ሄድኩ። አተር ትለቅማለች። አብሬያት መልቀም ጀመርኩ።

«ከበር ውጭ መቆም ለምን አስፈለገሽ?» አልኳት።

እጇ አተሩ ላይ ቀረ። «ደሜ ተመልሷል። በዚህ ዕድሜዬ ምን ብዬ ልናገር? ጸበል እየጠጣሁ ነው።»

«ጠጪ፤ ማን ከለከለሽ።»

«ልትሰብኪኝ መጣሽ?»

«ኧረ ልለምንሽ ነው፤ ነገ ምርመራው ነይልኝ። መስበክስ ደክሞኛል።»

የለቀመችውን አተር ወደ ዳር ገፋች። «ብቻዬን አልገባም» አለች።

ረቡዕ
ሴቱ ከጠበቅሁት በላይ መጣ። ጠላ ሻጯ እንኳ ጓደኛዋን አስከትላ! ሌላ ቀን ቢሆን እልል እል ነበር።

የሻረግ ስትመረመር እጇን ይዤ ነበር። ሲስተር ሐያት ወሬዋን በመሃል አቋረጠች። ስንወጣ፣ «ነገውኑ ሞጣ ሆስፒታል ትታይ» አለችኝ። እራት አልበላሁም።

ሐሙስ
ከብቸና ሞጣ በሚኒባስ፣ ወገቤ ቁርጥ ብሏል። ሐኪሙ ናሙና ወሰደ። የሚመረመረው ሌላ ከተማ ነው፤ ሳምንታት ይፈጃል አለ። «ቶሎ የመጣችሁ ይመስላል፤ ግን ውጤቱን ሳላይ ምንም አልልም።» ያቺን «ይመስላል» ይዘን ተመለስን።

መኪና ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ብቸና ስንደርስ ነቅታ፣ «እሑድም ከበር ውጭ ነኝ እንግዲህ» አለች።

«ግንቡ ሥር ቦታ ያዥልኝ፤ እኔም እዚያው ነኝ።»

«አንቺ! ሰው ምን ይላል?»

«እሷም ጀመራት ይበላ።»

ሳቀች፤ ሾፌሩ እስኪዞር ድረስ። ሳቋን ረስቼው ነበር።

እግሬን ጨው ውሃ ውስጥ ነክሬያለሁ። ውጤቱን እንጃ። እሑድ ግን በጠዋት መነሳት አለብኝ፤ ግንቡ ሥር ጥላው ጠባብ ነው።