ከገጽ ሰማንያ ወደ ገጽ ዘጠና ሰባት

እሑድ፣ ኅዳር 13 ቀን፣ ከምሳ በኋላ። ከጠዋት ጀምሮ ሳያቋርጥ ያካፋል። ያለነው እኔ፣ ከግድግዳው ማዶ አከራዬ፣ እና አንድ መጽሐፍ ነን።

ለማልረሳሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ዝናብ ሲመጣ የሚነዝርሽ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ልጅሽስ? ይህን የምታነብልሽ እሷ ስለሆነች ሰላምታዬን በራሷ አፍ ታድርስልኝ፤ የሙጫ ቆርቆሮ እየደፋሽ የምታስቆጪን የነበርሽው ልጅ፣ እንደምን ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ከደህናም በላይ ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ፈገግታዬ ከፊቴ አልወርድ ብሎኛል።

ደብዳቤውን ማን ጻፈላት እንደምትዪ አውቃለሁ። ማንም አልጻፈልኝም። ቃሉም የእኔ ነው፣ ጽሕፈቱም የእኔ ነው። ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ።

የጥረዛ ቤታችንን ደንብ አልረሳሽውም። ወረቀት ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ፊደል የምታውቅ ሴት አትቀመጥም። አንባቢ እጇ ይዘገያል ይሉ ነበር አለቃችን፤ ዛሬም ይላሉ። ስንቀጠር ሥዕል የሌለው ጋዜጣ ዘቅዝቀው ይሰጡን ነበር፤ አቃንታ የያዘች ወደ ቤቷ ትመለሳለች። አንቺም እኔም እንደ ተዘቀዘቀ ነው የያዝነው፣ ያኔ እውነታችንን ነበር። እኔ ፊደል የያዝሁት በኋላ ነው። ተበላሽቶ የታተመ ወረቀት ለመጠቅለያ ይሰጡን የለም? ከእሱ ነው። የሳሙናውን ስም ከካርቶኑ፣ የሰፈሩን ስም ከአውቶቡሱ ግንባር እያመሳከርሁ፣ በሳምንት አንድ ፊደል፣ ሲቀናኝ ሁለት።

ስለዚህ በዕድሜዬ ያነበብሁት ታሪክ ሁሉ ከመሃል ተጀምሮ መሃል ላይ የሚያልቅ ነው። መቼ እንደ ተጋቡ ሳላውቅ ሲፋቱ እደርሳለሁ። ማን እንደ ሞተ ሳላውቅ አብሬ አለቅሳለሁ። የጎደለውን ራሴ እሞላዋለሁ፤ የአንዱን ወረቀት መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር እያጋጠምሁ፣ ከገጠመልኝ ይበቃኛል። ልማድ ሆነብኝ።

ጉድ ያመጣብኝም ይኸው ልማድ ነው። ባለፈው ሳምንት የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል መጣልን። አምስተኛውን እጥፍ፣ አሥራ ስድስት ገጽ የሚወጣውን አንድ የታጠፈ ወረቀት፣ ሳነሣ ዓይኔ የመጨረሻው መስመር ላይ ወደቀ፤ ገጽ ሰማንያ። ጥላው ረዝሞ እያደናቀፈው ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ስላሳጠረ ሰው ነው። ሰውዬው አዲሱን ጥላውን ለብሶ የቤቱን በር ሲከፍት፣ ደጃፉ ላይ ቆማ የምትጠብቀው... ይልና ወረቀቱ ያልቃል! ማን ናት? እጄ ክምሩን ሲያስስ የሰባተኛው እጥፍ ራስጌ ላይ፣ ገጽ ዘጠና ሰባት፣ እንዲህ የሚል አገኘሁ፤ ባሕር ነበረች። ቀሚሷን ሰብስባ፣ የሚከራይ ክፍል አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

ገጠመ! አምላኬን፣ እንደዚያ የገጠመ ነገር አይቼ አላውቅም። ሰባተኛውን ከአምስተኛው ቀጥዬ ደረደርሁት፣ ስድስተኛውን ከዚያ በኋላ። ባሕሯ የሌላ ታሪክ ባለቤት መሆኗን በምን ልወቅ? የእጥፎቹ ጀርባ ላይ እንደ ደረጃ እየወረደ ተራቸውን የሚያሳየውን ጥቁር ምልክት፣ ሃያ ዓመት ያየሁትን፣ ጭራሽ ረሳሁት። ቀኑን ሙሉ ባሕሯን እያሰብሁ ደረደርሁ። ያን ቀን አለቃችን ታመው ስለቀሩ ደረጃውን ያየ የለም፤ ሙጫ ተቀባበት። መቶ ሃያ መጽሐፍ።

ዓርብ ዕለት ስሕተቱ ተገኘ። አለቃችን ታሪክ ባያነቡም የገጽ ቁጥር ያነባሉ፤ ሰማንያ ብለው ዘጠና ሰባት ላይ ሲደርሱ ጆሯቸው ቀላ። ክምሩ የእኔና አጠገቤ የምትቀመጠዋ ልጅ ነው፣ ተቀላቅሏል። ልጅቷን ጥድፊያ እንላታለን፤ አንዱን እጥፍ ሳትጨርስ ሌላውን ታነሣለች። አለቃችን እኔን አላዩኝም፤ አንቺ ነሽ፣ እጅሽ ከልብሽ ቀድሞ የሚሮጠው አሏት። እሷም አፏ አያርፍም፣ ጋሼ፣ ልቤም እኮ ይሮጣል፣ ደመወዝ ሲዘገይ ብላ መለሰችላቸው። ሴቶቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ሰኞ መጥተሽ ዕቃሽን ውሰጂ አሏት። ያን ጊዜ መሳቁ ቆመ። የሰባት ወር እርጉዝ ናት። እኔ ዝም አልሁ። ዝም ማለት እንደምችልበት አንቺ ታውቂያለሽ።

የተበላሹት መጻሕፍት ሊቀደዱ ሲሉ አንዱን ለመጠቅለያ ይሆነኛል ብዬ ለመንሁ። ምን ታደርጊዋለሽ እያሉ ወረወሩልኝ።

እንግዲህ ከዓርብ ማታ ጀምሮ ያለሁበትን ዓለም ልንገርሽ። ሙሉ መጽሐፍ! ከሽፋን እስከ ሽፋን! መንገዶቿ ደክሟቸው አንድ ቀን የተኙባት ከተማ አለች፤ ሰው ሁሉ በቆመበት ቀርቶ ከማያውቀው ሰው ጋር ማውራት ይጀምራል። ዝምታን በጠርሙስ የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ አንዲት ደንበኛ ጠርሙሱን ልትመልስ መጥታ፣ ይኼ የእኔ አይደለም፣ ውስጡ ሰው ያለቅሳል ትላለች። እዚያ ላይ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። የሚገርመኝ ማጠሩ ነው። ሽንኩርት ልጬ ሳልጨርስ የአንድ ሰው ዕድሜ ተጀምሮ ያልቃል፤ ከዚያ ገጹን ስገልጥ ደግሞ ሌላ ሰው በሩን ከፍቶ ይጠብቀኛል። አንዱን ጨርሼ ነገ አነባለሁ እላለሁ፣ ነገ ግን ሩቅ ነው።

ባሕሯ ጋ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳቅሁ። አከራዬ ግድግዳውን መትተው፣ እንግዳ አለሽ ወይ አሉኝ። ክፍል የምትፈልግ ባሕር ናት አልኋቸው። ውኃ የሚያፈስ ተከራይ አልፈልግም አሉ። ቀጥለውም፣ እሺ፣ ከዚያ ወዴት ሄደች?

ለካ እውነተኛዋ፣ ገጽ ሰማንያ አንድ ላይ ያለችው፣ የባለ ጥላው ሰውዬ እርጉዝ ጎረቤት ናት። ከጥላው የተቆረጠው ትራፊ ለሚወለደው ልጄ ይሆናል፣ ስጠኝ ልትለው መጥታ ነው ደጃፉ ላይ የቆመችው። እዚህ ጋ ጥድፊያ መጣችብኝ። መጽሐፉን ዘጋሁት።

አሁን ልጅሽ ድምፅዋን ዝቅ ታድርግ። ወይም አታድርግ፣ ትስማው።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ከመቀመጫሽ ትራስ ሥር አንድ ወረቀት ተገኘ። አንባቢ ነሽ ተባልሽ። አንቺ፣ ሀን ከለ የማትለዪው፣ ምለሽ ተገዝተሽ፣ ኋላም በነገሩ እየሳቅሽ ልጅሽን አዝለሽ ወጣሽ። ዓይኔን አይተሽ፣ አንቺ እንኳ ትመስክሪልኝ አልሽ። ያ ወረቀት አንዲት ባልቴት መስኮቷን ከዘጋች በኋላ ስለሆነው ነበር፤ የመጨረሻው ቃል «ተመለሰ» የሚል ነው። እስከ ዛሬ ማን እንደ ተመለሰ አላገኘሁም። ቃሉን በምን አወቅሽው እንደማትዪኝ ተስፋ አለኝ።

ጉልበትሽን ይጠግንልሽ። ልጅሽ ወግ ማዕረግ ታሳይሽ። ቤትሽ ሳቅ አይጣ። ይቅር ብትዪኝ ደስታዬ ነው፤ ባትዪኝም ምርቃቴን አላጎድልብሽም። ፖስታውን ዛሬ አላሽገውም፤ ነገ ጠዋት ያደረግሁትን ጽፌበት ነው የምልከው።

ሰኞ፣ እኩለ ቀን። ዝናቡ አባርቷል።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብሁ፣ ግራጫ ቀሚሴን ለበስሁ፣ መጽሐፉን በፎጣ ጠቀለልሁ። ደውሉ ሳይደወል ደረስሁ። ጥድፊያ ነጠላ ጫማዋንና የምሳ ዕቃዋን ፌስታል ውስጥ እየከተተች ነበር። ወደ ቦታዬ አልሄድሁም፤ አለቃችን ጠረጴዛ ፊት ቆምሁ። ገጽ ሰማንያን ገለጥሁና፣ አሥራ አራት ሴቶች እየሰሙ፣ ከላይኛው መስመር ጀምሬ ጮክ ብዬ አነበብሁ።  ሰውዬው በሩን ሲከፍት ሳልቆም ወደ ዘጠና ሰባት ተሻገርሁ። ባሕር ነበረች ስል አንዷ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ መቶ ሃያውም የእኔ ነው አልኋቸው። ትናንት ስለ ትራሱ ወረቀት ለአንቺ የጻፍሁትንም ጨመርሁላቸው፣ ሳላሳጥር።

አለቃችን ጥድፊያን፣ ወደ ሥራሽ አሏት። እኔን፣ ዕቃሽን ሰብስቢ አሉኝ። እሺ ብዬ ስዞር ጥድፊያ ከቦታዋ ሆና፣ ጋሼ በሞቴ፣ ባሕሯ ክፍሉን አገኘች ወይ፣ ይህን ሳንሰማ እጃችንም አይሠራም አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት። እሳቸው ሰዓታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በእግራቸው ወንበር ገፋ አደረጉልኝ። ጨርሺውና ትሄጃለሽ አሉ።

ተቀመጥሁ። ገጽ ዘጠና ስምንትን ገለጥሁ።

ከማጠፊያው ጠረጴዛ፣ በስተግራሽ ትቀመጥ የነበረችው ጓደኛሽ