የአባየ በሬና የአያ ደሴ በሬ

ሰኞ፣ ሰኔ 9

አባየ፣ ትናንት የሰልስትዎ ለቀስተኛ ሲበተን ጎረቤታችን አያ ደሴ እኛ ዘንድ ቀሩ። እርስዎ አንድ በሬ፣ እሳቸው አንድ በሬ እያዋጣችሁ ስታርሱ ነው ያረጃችሁት። አሁን በሬያቸውን ከሌላ ሰው ጋር ካቀናጁ መሬታችን ለእኩል አራሽ መሰጠቱ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር።

እማየ ጠየቀቻቸው። "አያ ደሴ፣ ልጁ ገና ተማሪ ነው። ምን አሰቡ?"

"አይ አንቺ! ባልሽ ከጎልማሳነት እስከ ሽበት አንድ ቀን በሬየን አድክሞ አልመለሰልኝም። ለሱ ልጅ በሬ ልንሳ? ደግሞ የነገው ተራ የናንተ ነው።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ተማሪ፣ እርፉ በየት በኩል እንደሚያዝ ታውቃለህ?"

እማየ ሳቀች። እርስዎ ከሞቱ ወዲህ ስትስቅ ገና ያኔ አየኋት። እኔ ግን ደረቴ ሞላ። የእርስዎን ደግነት ከጎረቤት አፍ መስማት ለካ እንዲህ ያኮራል።

ትምህርቴ ከሰዓት ስለሆነ ዛሬ ማለዳ ያለ እርስዎ ብቻዬን ጠመድኩ። የመጀመሪያው ትልም ጠመመ። ሁለተኛውም ጠመመ። ወደ ገበያ የሚወርዱ ሽማግሌ ቆመው እያዩኝ፣ "የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ። በሬዎቹን አቁሜ ስምዎን ከነአባትዎ ጮክ ብዬ ነገርኳቸው።