ለሚመለከተው ሁሉ

ይድረስ ለእናቴ፣ ሽንፋ።

እንደምን ከረምሽልኝ እማ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ገንዳ ውሃ ሙቀቱ ሰው ሊያቀልጥ ነው፤ እኔ ግን ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልኩ እንደተቋረጠ ስለቀረ ይህን የላክሁት በጎረቤታችን በአለምነሽ እጅ ነው። እንደ ወትሮው የሚያነብልሽ ፈረደ ነውና፣ ወንድሜ፣ አንተስ እንደምን ከርመሃል? ቀስ ብለህ አንብብላት። አንድም ቃል እንዳትዘል።

እማ፣ በአለምነሽ አፍ የላክሽብኝን ሰምቻለሁ። ለስንሻው የድጋፍ ደብዳቤ ጻፊለት ብለሻል። የበኩር ልጅሽን፣ ማተቤን ለገደለ ሰው! ደግመሽ ንገሪኝ ብዬ ስጮህባት ምስኪኗ ሴት ራሷ ያለችው ይመስል ይቅርታ ስትለኝ ነበር። በኋላ ስረጋጋ ምክንያትሽ ገባኝ። ከእስር ቢወጣም ደም ያለበትን ሰው ማንም ለጥበቃ አይቀጥርም፤ ባለደሙ የመጣ ቀን ንብረቱም አብሮ ይጠፋላ። የሟች እህት፣ ያውም ርዕሰ መምህርት፣ ፈርማ ከሰጠችው ግን ደሙ ደርቋል ማለት ነው። እሱ ሥራ ይዞ ከሽንፋ ይርቃል፣ ፈረደም ይረሳዋል፣ የቀረኝ አንድ ወንድ ልጅ ይተርፍልኛል ነው ያልሽው። የእናት ሐሳብ ነው፤ አልፈርድብሽም።

ስንሻው ራሱም ቢሮዬ መጥቶ ነበር። ከወላጆች ወንበር ላይ ተቀምጦ እትዬ እያለ ሲለማመጠኝ ብታይ! እሱ ለሠራው ልጆቹ መራብ እንደሌለባቸው፣ እስር ቤት ንስሐ እንደገባ ነገረኝ። እጁን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያሳርፍ ክንዱ ላይ ጥርሴ ያረፈበት ጠባሳ ታየኝ። ነገ ተመለስ አልሁትና በሩን ዘግቼ ለመጻፍ ተቀመጥሁ።

እኔ እንኳ መምህራኑን ደብዳቤ አከፋፈት ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ። ቀኑ በስተቀኝ፣ ከዚያ ለማን እንደሚጻፍ፣ ከዚያ ጉዳዩ። ተቀባዩ በስም ካልታወቀ "ለሚመለከተው ሁሉ" ብላችሁ ክፈቱ እላቸዋለሁ። እዚያች ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ከእኔ በላይ የሚመለከተው ማን ነው? ንዴቴ ሲገነፍል እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ "ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ አቶ ስንሻው ለጥበቃ ሥራ ብቁ ናቸው። የተኮሱትን እንደማይስቱ በዓይኔ አይቻለሁ።" አንብቤው ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ ቀድጄ ጣልሁት።

እማ፣ ያን ቀን የሆነውን ሙሉውን ነግሬሽ አላውቅም። ፈረደም አብርሃ ጅራ ለሥራ ሄዶ ስለነበር አልሰማም። ሳይሰማው ነው የሞተው ያልኋችሁ እንዲቀላችሁ ብዬ ነው። የታጨደውን ሰሊጥ እያቆምን ሳለ ስንሻው ክላሹን ይዞ መጣ። ትራክተራችሁ ድንበሬን ገፍቷል አለ። ማተቤ በሽማግሌ ይለካል እያለ ለመነው፤ እጁ ላይ ከማጭድ በቀር ምንም አልነበረም። ስንሻው ተኩሶ አንገቱ ስር መታው። በነጠላዬ ባስረው ደሙ እምቢ አለ፤ ነዶው ወድቆበት ሰሊጡ ደሙ ላይ እየረገፈ ፊቱ ላይ ሁሉ ተለጠፈ። ነፍሱ አልወጣችም ነበር፤ ውኃ አለኝ። ጄሪካኗን ላነሳ ስል ስንሻው በእግሩ ገለበጣት። ያኔ ነው ክንዱን የነከስሁት፤ በሰደፍ ጥርሴን ያረገፈውም ያኔ ነው። ወንድሜ ውኃው አፈር ውስጥ ሲሰርግ እያየ ሞተ። ሽማግሌዎቹ ሲያስታርቁን ይህን የጠየቀኝ አልነበረም።

እንግዲህ ቃልሽን አልሰብርም፤ ጻፍሁለት። ታማኝ ነው፣ ታታሪ ነው፣ ከቤተሰባችን ጋር እርቅ አውርዷል ብዬ ፈረምሁ። ዑበይዳ የሚባል የሰሊጥ ነጋዴ ደብዳቤዬን አይቶ ቀጠረው። እኔው ራሴ አብሬው ሄጄ የሚውልበትን አየሁ። ደስ ይበልሽ።

እንዳትሰጊም ሁሉንም ልንገርሽ። መጋዘኑ ከሽንፋ ሲመጡ ገንዳ ውሃ ከተማ ሳይገቡ በስተግራ ያለው ነው፤ ከፊቱ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ስንሻው ቀኑን ሙሉ ከዛፉ ስር ይቀመጣል፣ ፊቱን ወደ መንገዱ፣ ጀርባውን ከኋላ ወዳለው የማሽላ እርሻ አድርጎ። ማሽላው ዘንድሮ ቆሞ የሚሄድ ሰው ይሸፍናል። ዑበይዳ ለሁለተኛ ጥበቃ አልከፍልም ስላለ ብቻውን ነው። እንደ ድሮው ያስፈራል ብለሽም አታስቢ፤ ክላሹን ሽጦ በልቶታል፣ የሰጡትም አሮጌ ጠመንጃ ቃታው አልሳብ ይላል። ይህን ሲነግረኝ ይስቅ ነበር።

ደብዳቤውን በምን እንደከፈትሁት ታውቂያለሽ? በዚያችው "ለሚመለከተው ሁሉ" በምትለው ነው። ሳስበው ከእርሷ የተሻለ አላገኘሁም። ፈረደ፣ ይህችን መስመር ድገምላት።

ወንድሜ በማተቤ ቀብር ላይ ደሙን ሳልመልስ ጸጉሬን አልቆረጥም ብሎ መማሉን፣ እርቁ ሲወርድም ሽማግሌዎቹ መቀስ አቅርበውለት ይደርሳል ብሎ መነሳቱን አንቺም አትረሺውም። ዛሬም ትከሻው ላይ እንደወረደ ነው ብላ አለምነሽ ነገረችኝ።

በይ እማ፣ እመቤቴ ጉልበትሽን ታበርታልሽ፣ ዕድሜሽን ታርዝምልሽ። ፈረደንም ጸጉሩን ተቆርጦ ለማየት ታብቃሽ።

ልጅሽ፣
የማተቤና የፈረደ እህት