ቅጠሉ ወዴት ያያል

ሰኞ፣ የካቲት 3
ልጄ መጣች። ሻዬን እንኳ ሳልጨርስ፣ "አባዬ፣ የእማዬን የስፌት መኪና ልወስደው ነው። የቤቴን የፊት ለፊቷን ክፍል ሱቅ አድርጌያታለሁ" አለች። አድርጌያታለሁ! ላድርግ ወይ የለም፣ ምን ትላለህ የለም... አማካሪ በዝቶባት ይሆናል።
"ውሰጂው። ግን ፊቱ እንደተሰበረ ከቤቴ አይወጣም" አልኳት።
ውሸቴን አይደለም። መኪናው የተቀመጠበት የእንጨት ሳጥን ግራና ቀኝ መሳቢያው ላይ አንዳንድ የተቀረጸ ቅጠል ነበረው። የግራው ተገንጥሎ ጠፍቷል።
"አናጺ እጠራለኋ።"
አናጺ! ዕድሜ ልኬን ድንጋይ ስጠርብ የኖርኩ ግንበኛ አንድ ቅጠል ሊያቅተኝ?

ረቡዕ፣ የካቲት 5
መሮ ገዛሁ። አውራ ጣቴን ቀረጽኩ። ቅጠሉ ገና ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8
ደወለች። "አለቀ?"
"እንጨቱ ይረፍ።"
"እንጨት ይደክመዋል እንዴ አባዬ?"
ምን ታውቃለች። ደግሞ፣ "አንድ ቀን እንኳ መጥተህ ሱቄን አላየህም" ብላ ወቀሰችኝ። አልሄድማ! እሷ ቤት ምንጣፍ አለ ተብሎ ደጃፍ ላይ ጫማ ይወለቃል። እኔ ጫማዬን የማወልቀው ልተኛ ስል ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11
ጎረቤቴ አናጺው ሳይጠሩት መጣ። ቅጠሉን አገላብጦ አየና፣ "አባባ፣ ይሄማ አልቋል፤ ምን ይጠብቃሉ?"
"ኮላው ይድረቅ።"
"ኮላ መቼ ቀቡት?"
መሮዬን መወልወል ጀመርኩ።
"አይ አባባ! ቅጠሉ አይደለም የያዘዎት። መኪናው እንዳይሄድብዎት ነው።"
አናጺ ነው ጠንቋይ? በሩን አሳየሁት።
ደግሞስ ቢሆን? ባለቤቴ ነፍሷን ይማረውና፣ ያንን መርገጫ ስትረግጥ ቤቱ ሰው የሞላበት ይመስል ነበር። አሁን ዝም ብሎ ቢቆምም... ተወው። ሽንኩርት ስልጥ ነበር፣ ዓይኔን አቃጠለኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13
ደወለች። ድምጿ ልክ አልነበረም። የምትሠራበት የተዋሰችው መኪና ነበር ለካ፤ ያዋሰቻት ሴት መልሳ ወስዳባታለች። ለማክሰኞ የሙሽራ ልብስ ተቀብላለች። "ካላለቀ ግድ የለም አባዬ። ልብሱን እመልሳለሁ፣ ሱቁንም እዘጋዋለሁ።"
አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ለጩኸት መልስ አላጣም።
ኮላውን ቀባሁ። እንጨቱ አርፏል።

እሁድ፣ የካቲት 16
መኪናውን ለማንሳት አናጺውን ይዛ መጣች። ሰው ጠፍቶ!
ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና አለ። እንደገና ጎንበስ አለ።
"አባባ... ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ነው የዞሩት።"
ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። የቀኙን ፊቴ አስቀምጬ ቁርጥ እሱን አስመስዬ ሠራኋ! ለካ የግራው ፊቱን ወደ ቀኙ ማዞር ነበረበት፤ እንደ መስተዋት። ሁለቱ መተያየት ሲገባቸው አንዱ የሌላውን ጀርባ ያያል።
"ሆን ብዬ ነው" አልኩ።
"እንዴት?"
"ሁለቱም ወደ መስኮቱ ይዩ ብዬ።"
ልጄ ከንፈሯን ነከሰች። "እማዬ ብታየው ምን እንደምትል ታውቃለህ? 'ይሄ ሰውዬ ቅጠሉንም እንደ ድንጋይ ደረደረው!'"
ትል ነበር። እውነቷን ነው። ሦስታችንም ሳቅን... እኔ ትንሽ ነው የሳቅኩት።
ወሰዱት። ሲሚንቶው ላይ የእግሮቹ ምልክት ቀረ። ላጥበው ጀምሬ ተውኩት።

ረቡዕ፣ የካቲት 19
ልጄ ቤት ሄድኩ። ለሥራ እንጂ ለጥየቃ አይደለም። የግራውን ቅጠል እንደገና ልሠራው ነው፤ ስለዚህ መለካት አለበት።
ጫማዬን አወለቀችኝ። ካልሲዬ ተቀዶ አውራ ጣቴ ወጥቷል፤ በመሮ የቀረጽኩት የእጄን ነበር፣ ይሄኛው የእግሬ ነው። ምንም ሳትል ካልሲውን ከእግሬ ላይ ቀማችኝና መኪናው ላይ ተቀመጠች። ረገጠችው።
ያ ድምፅ...
የሙሽራዋ ልብስ በሰዓቱ ደርሷል። ሌላ ሥራም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።
ካልሲዬን እየመለሰች፣ "ለካህ?" አለችኝ።
"ዛሬ ብርሃን የለም።" ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ዓይኔን እየወጋኝ።
ቅጠሎቹን አየች። እኔን አየች። "እንጨቱ ይረፍ እንዴ አባዬ?"
"ይረፍ።"
ነገም እሄዳለሁ። ልኬት እንዲህ ባንድ ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም።