ለአቤሴሎም የላክሁት ሽማግሌ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለሠርከአዲስ፤ ካለሽበት ሊድስ።

ወገብሽን ተሻለሽ? የሥራሽ ድካምስ እንዴት ይዞሻል? ሀይሚ ትምህርት ቤቱን ለመደችው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የጎባ ውርጭ እንደ ወትሮው ነው፤ እኔን ግን ንዴት ሲያሞቀኝ ከርሟል።

አቤሴሎም ሽማግሌ ልኮ፣ አባባ እሺ ካሉት በኋላ ድምፁን እንዳጠፋ ስነግርሽ፣ «ጎስት አድርጎሽ ነው» ብለሽ ቃሉን አስተማርሽኝ። ሳይጣሉ፣ ሳይሰናበቱ፣ ስልክ ሳያነሱ መጥፋት ማለት ነው፤ የተደረገበትም ሰው ገብቶት መንገዱን ይቀጥላል አልሽ። ለእማማ ብተረጉምላት፣ የቧንቧው ውሃ በጠፋ ቁጥር «ዛሬም ጎስት አደረገን» ማለት ጀምራለች። እኔ ግን መንገዴን የምቀጥለው በምን በኩል ነው? አንገቱ በምትባል ከተማ መምህርት ሆኜ ተመድቤ፣ እስከ ሰኞ ካልደረስሁ ቦታው ለሌላ ሊሰጥ ነው። አባባ ደግሞ «ቃል ሰጥቻለሁ፤ ልጁ አንዱን ሳይናገር ከዚህ ቤት አትሄጂም» ብለው ያዙኝ።

እዚህ አገር በሽማግሌ የገባ ሰው በዝምታ አይወጣም። ስለዚህ እኔም ሽማግሌ ላክሁበት። ጎረቤታችን አዴ ዙቤዳ ሁለት የእድር ሴቶች አስከትለው ትናንት ሮቤ ወረዱ። አቤሴሎም ኮምባይነር ያከራያል፤ ማሳው ዳር ሲያያቸው ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ከነሹፌሩ በሩን ዘጋ። እነሱም ካልታጨደው ስንዴ ፊት ጨርቅ አንጥፈው ተቀመጡ። ሹፌሩ ቱፋ «እናቶች ላይ አልነዳም፤ ወይ ውረድ ወይ ቆሎ አስመጣላቸው» አለው አሉ።

ሲወርድ አዴ ዙቤዳ «ልጄ፣ ልንድርልህ አልመጣንም፤ እምቢታህን ስጠንና እንሂድ» አሉት። «ላስብበት» አለ። «ከሰኔ ጀምሮ ታስቦ የማያልቅ ምን ዓይነት ሐሳብ ነው?» ብለው ለአባባ ደውለው ስልኩን እጁ ላይ አኖሩለት። የአባባ ጆሮ ከበድ ይላል። «ልጅዎን አላገባም» የሚለውን ደጋግሞ ሲጮህ፣ በማሳው ያለ ሰው ሁሉ ማጨዱን አቁሞ ሰማው።

አባባ ስልኩን ዘጉ። ኋላ «ለዚህ ነው ያስቀመጥሁሽ?» አሉና ሻንጣዬን ከቁም ሳጥን ላይ ራሳቸው አወረዱት። አለቀስሽ ወይ ትዪኝ ይሆናል። አልቅሻለሁ፤ ያለቀስሁት ግን ዝም ባለ ጊዜ እንጂ እምቢ ሲል አይደለም። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።

እማማ የሀይሚን ፎቶ ላኪልኝ ትላለች። አባባ ጉንጭሽን ስመውልሻል፤ አዴ ዙቤዳም በዱዓቸው አይረሱሽም። ለባለቤትሽ ለፍቅረሥላሴ ሰላምታዬ ይድረሰው። ከእንግዲህ ስትጽፊልኝ ከስሜ በፊት «መምህርት» ማለት እንዳትረሺ።

እህትሽ ልደት
ጎባ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.